ሻንጣ ያልገዙት ሀዋ ሰይድ

ከእናንተ መካከል ከእኔ ሻንጣ የገዛ ካለ እጁን ያውጣ። አያችሁ? የለም። አንዲት ሻንጣ ሳይሸጥ አንድን ከተማ ከነልጁ፣ ከነፍየሉ፣ ከነበሶው ሊያስነሣ የነበረ ነጋዴ ሰምታችሁ ከሆነ ግን ሰውየው እኔ ነኝ። ተዋወቁኝ።

ነገሩ የሆነው መርሳ ነው። ጊዜው በአንደኛውና በሁለተኛው ዙር መካከል። እኛ ጋ ጦርነቱ የሚቆጠረው በዙር ነው፤ «አንደኛው ዙር ላይ» ካላችሁ ሁሉም የት እንደነበረ ትዝ ይለዋል፤ ማን በእግሩ ደሴ እንደገባ፣ ማን ማሽላ ውስጥ እንደተደበቀ፣ ማን ቤቱ ቀርቶ ምን እንዳየ። ሁለተኛው ያኔ ገና አልመጣም። አይመጣም የሚል ግን አልነበረም። ሰው በሩን ሲዘጋ ጆሮውን ውጭ ትቶ ነበር የሚዘጋው።

ከጦርነቱ በፊት ወልድያ የሻንጣ ሱቅ ነበረኝ። ከስደት ስመለስ ሱቁ አለ፤ በር የለውም፣ መደርደሪያ የለውም፣ ዕቃ የለውም። የሻንጣ ሱቅ የሚዘርፍ ሰው ሲበዛ ዕድለኛ ነው፤ ከሌላ ቤት የዘረፈውን የሚከትበትን አብሮ ያገኛል። ባለቤቴ ሰብለ «ተመስገን፣ ነፍሳችን ተርፋለች» ስትል፣ እኔ «በሩስ ይሁን፣ መደርደሪያውን ምን ሊያደርጉት ነው?» እላለሁ። ይህችን ጥያቄ ለወራት ስጠይቅ ከረምኩ። በመጨረሻ የሰለቻት እሷ ናት። «ተነሥ፣ መርሳ እንሂድ። ኪራዩ ረከስ ይላል፤ ሌላው ቢቀር ማንጎ ጠግበን እንበላለን» ብላ ይዛኝ ወረደች።

መርሳ የተከራየነው እትዬ ጦይባና ባለቤታቸው አያ ሙሄ ግቢ ነው። አያ ሙሄ ስማቸው መሐመድ ነው፤ ሙሄ ካላላችሁ ግን መርሳ ላይ ማንም አያሳያችሁም። አንደኛው ዙር ላይ ከሰው ጋር ሲወጡ፣ ውርጌሳ ሳይደርሱ ወደቁና ዳሌያቸው ተሰበረ። የሰፈሩ ወጣቶች በቃሬዛ ተሸክመው እያነሡ፣ እያሳረፉ፣ እንደገና እያነሡ ሐኪም ዘንድ እስኪያደርሷቸው አጥንቱ እንደ ነገሩ ገጠመ። ከዚያ ወዲህ አልጋ ላይ ናቸው። ሐኪሙ «ዳግመኛ በመንገድ ከተንገላቱ እኔ የለሁበትም» ብሏል። እሳቸውም «እኔም የለሁበትም» ብለዋል።

እንግዲህ አዲስ አበባ ያለ የድሮ አከፋፋይ አዘነልኝና አንድ ጭነት ሻንጣ ላከልኝ። ጎማ ያላቸው፣ እጀታቸው ተስቦ የሚወጣ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ወርቃማ። ሱቅ የለኝ፤ የምንተኛበት ክፍል ደረደርኳቸውና ቤታችን መናኸሪያ መሰለ። ሰብለ ምጣዷን ፍለጋ ሻንጣ እየገፋች ትገባለች። «ሱቅ ከሌለህ በስልክ ሽጥ፤ ዘመኑ የዚያ ነው» አሉኝ። ቻናል ከፈትኩ። ፎቶ አነሣሁ። ለጠፍኩ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልናገር፤ የታመቀ ነገር አለኝ። ገበያ ላይ ገዢ ሲመጣ ታውቁታላችሁ። ዕቃውን ያነሣል፣ ይገለብጣል፣ እንከን ያወጣለታል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ «ኧረ አላህን ፍራ» ይላል፣ ጥሎ ይሄዳል። ሻጭ ሻጭነቱ የሚታወቀው እዚህ ጋ ነው። አረማመዱን ያያል። ቀስ ካለ «ና እስቲ፣ አንተ ስንት ትላለህ?» ይባላል። ከፈጠነ ይቅናህ ነው። በስልክ ግን የገዢው ጀርባ አይታይም። የሚታየው ከፎቶው ሥር ያለች ትንሽ የዓይን ምልክት ናት፤ ስንት ሰው እንዳየ ትቆጥራለች። ዓይኑ በሽ በሽ ነው። እጅ የለም። አልፎ አልፎ አንዱ «ስንት ነው?» ብሎ ይጽፋል። ዋጋው እኮ ፎቶው ላይ በቀይ ተጽፏል! እሺ ብዬ እነግረዋለሁ። ጭጭ። ቀስ ብሎ ይሂድ፣ ሮጦ ይሂድ በምን ልወቅ?

እንዲህ ስቃጠል ስልኬ ላይ አንድ ሙሉ ሱፍ የለበሰ ጎረምሳ አገኘሁ። በቪዲዮ የንግድ ትምህርት ይሰጣል። ከኋላው መጽሐፍ የሞላ መደርደሪያ አለ፤ ገና ሳየው የእኔው መደርደሪያ መስሎኝ ልቤ ደንገጥ ብሏል። «ገዢ በዓይኑ አይገዛም» ይላል ጎረምሳው፣ «በጎረቤቱ ነው የሚገዛው። ሌላ ሰው እየገዛ እንደሆነ አሳየው። እያለቀ እንደሆነ ንገረው። ነገ እንደማያገኘው አስፈራራው። ያኔ ሮጦ ይመጣል።» ወይ ትምህርት! እስከዛሬ ያልከበርኩት ይህን ባለማወቄ ነው አልኩ። ግን ሌላ ሰው እየገዛ እንደሆነ ለማሳየት ሌላ ሰው መግዛት አለበት። ያ ሌላ ሰው የለም። ስለዚህ ፈጠርኩት።

«አቶ ደሳለኝ ከቆቦ ለመላው ቤተሰባቸው ሻንጣ ወስደዋል። እናመሰግናለን!» ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ በጽሑፍ ወልድያ ወረድኩና አንዲት መምህርት ፈጠርኩ፤ ለእሷ ሰማያዊውን ሰጠኋት። ቀጥዬ ከሲሪንቃ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ። ከዚያ እጄ ፍጥረቱን ለመደና ስምም ሰፈርም እየጨመርኩ፣ «ወይዘሮ ሀዋ ሰይድ ከግራና ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ወስደዋል። እያለቀ ነው! ዛሬ ብቻ! ነገ አይገኝም!» አልኩ። ለምን ከላይ ወደ ታች እንደ ቆጠርኩ እንዳትጠይቁኝ። ዕቃ ስጭን ዕድሜዬን የተመላለስኩበት መንገድ ነው፤ ቆቦ፣ ወልድያ፣ ሲሪንቃ፣ መርሳ እያልኩ ነው አፌን የፈታሁት።

በዚያው ቀን ረፋድ ላይ ሰብለ ከጓሮ አፍንጫዋን እየነፋች ገባች።

«አንተ፣ ለምንድን ነው ሰፈሩ ሁሉ ገብስ የሚቆላው?»

እኔም አሸተትኩ። እውነቷን ነው። ከየቤቱ የገብስ ቆሎ ይሸታል። ለማያውቅ ሰው ደስ የሚል ሽታ ነው። እኛ ግን አንደኛው ዙር ላይ ይህን ሽታ አሽትተነዋል። ሰው ሁሉ ባንድ ቀን ገብስ ከቆላ በሶ ሊያስፈጭ ነው፤ በሶ ካስፈጨ መንገድ አስቧል ማለት ነው።

ሰብለ ጀሪካኗን ይዛ ወደ ቦኖው ወጣች። ስትመለስ ጀሪካኑ ባዶ ነው፤ ፊቷ ግን ሞልቷል።

«ደርሷል እያሉ ነው» አለች።

«ምኑ?»

«ሻንጣው! መጀመሪያ ቆቦዎች ገዙ፣ ቀጥሎ ወልድያዎች፣ ትናንት ሲሪንቃ ደረሰ፣ አሁን ግራናም ገዝቷል፣ የቀረነው እኛ ነን እያሉ ነው። ባለፈውም ጦርነቱ የወረደው በዚሁ መንገድ ነው። ሰው ዝም ብሎ ሻንጣ አይገዛም፣ የላይኞቹ የሰሙት ነገር አለ ይላሉ። ደግሞ ሻጩ ራሱ "ዛሬ ብቻ፣ ነገ አይገኝም" ብሏል አሉ። ነገ ምን ሊሆን ነው?»

አልጋው ላይ ቁጭ አልኩ። አልጋ ያልኩት ወርቃማውን ሻንጣ ነው፤ አልጋው የት እንዳለ ጠፋኝ።

«ሰብለ፣ ደሳለኝ የሚባል ሰው የለም።»

«የቱ ደሳለኝ?»

«የቆቦው። መምህርቷም የለችም። ሁሉንም የፈጠርኩት እኔ ነኝ።»

ሰብለ አንዴ ቀና ብላ ክፍሉን ቃኘች። ሻንጣዎቹ እንዳሉ ናቸው፤ አንዲት አልጎደለችም። «እኔኮ ገርሞኝ ነበር» አለች። «ይሄ ሁሉ ሰው ሲገዛ ቤታችን ለምን አይሰፋም እያልኩ።»

ያበላሸሁትን ላስተካክል ብዬ ስልኬን አነሣሁ። ያነሣሁባትን ሰዓት እረግማለሁ። መጀመሪያ ሻንጣው እንዳላለቀ ሰዉ ይወቅ ብዬ፣ «ሻንጣ ሞልቷል! ዋጋ በግማሽ ቀንሰናል!» አልኩ። ወዲያው ከሥሩ ተጻፈ፦ «ነጋዴው ዕቃውን አራግፎ ሊወጣ ነው።» ኧረ እኔ የትም አልወጣም! ዋጋውን መለስኩት፤ እንዲያውም ተረጋጉ ለማለት ከፍ አደረግኩት። «ይኸው ጨመረ! ባለፈውም የጀመረው በዋጋ ነው» አሉ። የጻፍኩትን ሁሉ ደመሰስኩት። «ውሸት ቢሆን ለምን ያጠፋዋል?» አሉ። ብስጭት ብዬ ቻናሉን ራሱን ዘጋሁት። ትንሽ ቆይቶ ከመንገድ «ኔትወርክ ጠፋ! ጠፋ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። ባለፈው መጀመሪያ የጠፋው ኔትወርክ ነበራ! ስልክ ኖሯቸው የማያውቁ አንዲት እናት ሳይቀሩ «ያ ረቢ፣ ኔትወርካችን!» እያሉ ሲያለቅሱ አየሁ።

ሮጬ ከፈትኩት። እውነቱን እንደ ወረደ ጻፍኩ። «ወገኖቼ፣ ማንም ሻንጣ አልገዛኝም። ደሳለኝ የለም። መምህርቷ የለችም። ዕቃዬን ለመሸጥ ፈጥሬ የጻፍኩት ነው። ይቅርታ አድርጉልኝ።» በሕይወቴ እንዲህ ያለ ንጹሕ እውነት ጽፌ አላውቅም። የመጀመሪያው መልስ «ምስኪን፣ አስጨንቀው ነው ያጻፉት» የሚል ነበር። ሁለተኛው «አይዞህ ወንድማችን፣ ገብቶናል» ይላል።

ሳቁ፣ ግድ የለም። እኔም አሁን እስቃለሁ። በሰዉ ላይ ግን አትፍረዱ። ሱፍ የለበሰው ጎረምሳ የሚያውቀው ገዢ የሚፈራው ቅናሽ እንዳያመልጠው ነው። የእኛ ሰው የሚፈራው የመጨረሻው መኪና እንዳያመልጠው ነው። ባለፈው «ቆይ እስቲ እንይ» ያለው ነው ብዙ ነገር ያየው። እንዲህ ያለውን ሰው «ነገ አይገኝም» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ ነበረብኝ። አላሰብኩም፤ ስለ ሻንጣ ብቻ ነበር የማስበው።

ደግሞ ይህ ሁሉ ሆኖ ሻንጣ የገዛኝ የለም! ከተማው እየተነሣ ነው፣ እኔ ሻንጣ ሻጭ ነኝ፣ አንድ ሰው በሬን አላንኳኳም። ለካ ሰው ሲሸሽ ሻንጣ አይዝም። ማን ኮረኮንች ላይ ጎማ ይጎትታል? ደግሞስ ሻንጣ የያዘ ሰው ገንዘብ አለው ተብሎ ይዘረፋል። ሰዉ የሚፈልገው ጆንያ ነው። ማዶ ያለው ጆንያ ሻጭ ቀኑን ሙሉ ቀና አላለም። አንዴ ዓይን ለዓይን ስንጋጭ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አመሰገነኝ።

ወደ ቤት ስገባ ሰብለ ቀዩን ሻንጣ ከፍታ ልብስ እየከተተች ነው።

«አንቺ! ውሸቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ እያልኩሽ?»

«ውሸቱስ ያንተ ነው» አለች ቀና ሳትል። «የሰዉ መውጣት ግን እውነት ነው። ሰው ሁሉ ሄዶ ካንተ ጋር ባዶ ከተማ ቀርቼ ምን ልሠራ ነው?»

እመኑኝ፣ አንድ አፍታ «እውነትም የሰሙት ነገር ይኖር ይሆን?» የሚል ሐሳብ ሽው አለብኝ። ካልሲዬን ፈልጌ ላቀብላት ስል ነው እትዬ ጦይባ በሩ ላይ የቆሙት።

«ልጄ፣ አለህ?»

«አለሁ እትዬ፣ ይግቡ።»

አልገቡም፤ የሚገባበትም የለ። ነጠላቸውን አጥብቀው አገልድመዋል። «ነገ ጧት አይሱዙ ይመጣል፤ ተናግሬያለሁ። ሙሄን እናወጣለን። ቃሬዛውን ከአልጋው እስከ መኪናው አራት ሰው ይይዘዋል፤ ሦስት አግኝቻለሁ። አንዱን ጫፍ አንተ ትይዝልኛለህ።»

«እትዬ፣ ሐኪሙ እኮ...»

«የሐኪሙን አውቃለሁ» አሉ። «ባለፈው የተሸከሙት ልጆች ዛሬና ነገ ወጥተው ያልቃሉ። እነሱ ከሄዱ ማን ያነሣልኛል? ሰው እያለ ካላወጣሁት ብቻዬን እዚህ ይዤው ልቀር ነው። መንገድ ላይ ቢሞትብኝስ ብዬ አልቅሼ ጨርሻለሁ። ሌላ ምን ላድርግ?»

ያን ጊዜ ነው ነገሩ በትክክል የገባኝ። ያልኖረ ደሳለኝ ያልሸጥኩለትን ሻንጣ ስለ ገዛ፣ አያ ሙሄ ነገ ጧት ከአልጋቸው ሊነሡ ነው። የቃሬዛውን አንድ ጫፍ የምይዘውም እኔ ነኝ።

«እትዬ ጦይባ፣ ይስሙኝ፤ በእግዜር ይዤዎታለሁ። የሚወጣ የለም። ሻንጣ የገዛ የለም። ስሙን ሁሉ ከጭንቅላቴ አውጥቼ ነው የጻፍኩት።»

አተኩረው አዩኝ። «ሀዋንም?»

«የትኛዋን?»

«ሀዋ ሰይድ ከግራና ብለህ የለም እንዴ? ሀዋን ከጭንቅላትህ ነው ያወጣሃት?»

«አዎ፤ ሀዋ የምትባል ሴት አላውቅም።»

«የአክስቴን ልጅ!» አሉ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው። «ሀዋ ሰይድ እኮ የአክስቴ ልጅ ናት። እኔ የተነሣሁት በማን ሆነና? ሀዋ ባለፈው ሰው ሁሉ ሲሮጥ ማሽላዋን ስትጠብቅ የቀረች ሴት ናት። እሷ ሻንጣ ከገዛችማ አለቀልን ብዬ ነው።»

አያችሁ የእኔን ሥራ? ወሎ ውስጥ ሀዋ ሰይድ የሚባል ስም ፈጥሬ ባለቤት አይኖረውም ብዬ ማሰቤ! ስልክ ደወልን፤ ዝግ ነው። «እሷማ ወጥታለች» አሉ እትዬ ጦይባ፣ ጭራሽ ባሰባቸው። «ካልወጡ ይዣቸው እመጣለሁ፤ እስከዚያ አያ ሙሄን አይንኩብኝ» ብዬ ባጃጅ ይዤ ወደ ግራና ከነፍኩ።

ግራና ገብቼ አንድ ሽማግሌ «ሀዋ ሰይድ ቤታቸው ወዴት ነው?» ብዬ ጠየቅኩ።

«የትኛዋ ሀዋ ሰይድ?» አሉኝ። «የወፍጮ ቤቷ? የመስጊዱ ጎረቤት? ሻንጣ የገዛችው?»

«እሷ! ሻንጣ የገዛችው!»

«በዚያ ዝቅ በልና አህያ ስትጭን ታገኛታለህ።»

እውነትም አህያ እየጫኑ ደረስኩ። ረዘም ያሉ፣ ቀጠን ያሉ፣ ገመድ በጥርሳቸው የያዙ ሴት ናቸው። የፈጠርኳትን ሴት አንቱ ማለት ጀመርኩ። ሻንጣ ሻጩ መሆኔን ስናገር ገመዱን ከጥርሳቸው ለቀቁ።

«አንተ ነህ? ስሜን በአደባባይ ያወጣኸው አንተ ነህ? ወላሂ አላህ ያሳይህ! ሁለት ሻንጣ የሚሞላ ልብስ ቢኖረኝ አህያ እጭን ነበር? ጎረቤት ሁሉ "ሀዋ ይህን ሁሉ ልብስ የት ደብቃው ኖሯል" እያለ ቤቴን ሊያይ ይመጣል!»

«ጥፋቱ የእኔ ነው። ግን ሻንጣ ካልገዙ አሁን የሚጭኑት ለምንድን ነው?»

«ጦይባ ልትወጣ ነዋ! ከመርሳ የመጣ ሰው ነገረኝ። አልጋ ላይ የወደቀ ሰው ተሸክማ የምትወጣ ሴት ዝም ብላ ትወጣለች? የሰማችው ቢኖር ነው።»

«እትዬ ጦይባ የሚወጡት እኮ አንቱ ስለወጡ ነው።»

«እኔ መች ወጣሁ?»

«ሊወጡ ነዋ!»

«እሷ ስለወጣች ነዋ!»

«እሳቸው መች ወጡ?»

አህያይቱ እንኳ ዞር ብላ አየችን። ሀዋ ሰይድ ጭነቱ ላይ ክንዳቸውን ጣል አድርገው ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ገመዱን ፈትተው ጆንያውን ወደ ቤት መልሰው ወረወሩና «በል ውሰደኝ፤ እኔ ራሴ ልንገራት» ብለው ባጃጇ ውስጥ ገቡ።

መርሳ ስንገባ እትዬ ጦይባ በር ላይ ነበሩ። ሀዋን ሲያዩ አለቀሱ፤ ሲያለቅሱ ተቆጡ። «ምነው ስልክሽን የዘጋሽው?» «መብራት የለ፣ በምን ልሙላው? አንቺ ነሽ እንጂ ሙሄን ለመንገድ የምትሰጪው!» «አንቺ ነሽ ሻንጣ የገዛሽው!» «ሻንጣ በዓይኔ አላየሁም!» ተቃቅፈው ነው የሚጨቃጨቁት። ሰብለ ከኋላ ቆማ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች።

በዚህ መሀል ከውስጥ ድምፅ መጣ። «ኧረ ጎበዝ! እኔን የጠየቀ አለ?»

ሁላችንም ገባን። አያ ሙሄ ጀርባቸውን ትራስ ላይ አስደግፈዋል። ከአልጋው አጠገብ ቃሬዛው ግድግዳ ላይ ተደግፎ ቆሟል። ቀኑን ሙሉ እሱን እያዩ ነው የዋሉት።

«አንቱስ ለምን ዝም አሉ፣ አያ ሙሄ?» አልኩ።

«ሁላችሁም የሰማችሁት ነገር ያለ መስሎኝ ነዋ» አሉ። «እኔ ተኝቼ የምሰማው የለኝ። ጦይባ ስትሰናዳ ሳይ እንግዲህ ቁርጥ ነው ብዬ፣ አሸክሜ ላስቸግራቸው ነው እያልኩ ነበር።»

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ደሳለኝን፣ መምህርቷን፣ ሱፍ የለበሰውን። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ዳሌያቸው ሲያማቸው ያቆማሉ፣ ደግሞ ይስቃሉ። «ለሌለ ሰው ሻንጣ ሸጠህ?» ይላሉ። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠና፣ «ሰዉስ? ሰዉ ነገ በሌሊት ሊነሣ አይደል? ልጆች አሉ፣ እርጉዝ አለ» አሉ።

«እውነቱን ጽፌ ነበር፤ አላመኑኝም።»

«አንተን ማን ያምናል! እኔን ፎቶ አንሣኝ። እዚሁ አልጋዬ ላይ እንዳለሁ። ከሥሩ "ሙሄ መርሳ ነው ያለው፣ የትም አልሄደም፣ ያላመነ መጥቶ ይየው" በል።»

ጦይባ ቆባቸውን አስተካከሉላቸው። አነሣሁ፤ ለጠፍኩ። ያቺ ትንሽ ዓይን እንዲያ ስትቆጥር አይቼ አላውቅም። ደግሞስ ከወሎ ሰው ማን በፎቶ ይረካል? መጡ። አንዱ ሰላም ብሎ ይገባል፣ አያ ሙሄን ያያል፣ ቀስ ብሎ ደግሞ አልጋው ሥር የታሰረ ጆንያ መኖር አለመኖሩን ጎንበስ ብሎ ያያል። ከዚያ እፎይ ብሎ ቁጭ ይላል። አንዷ ማንጎ ይዛ፣ አንዷ ስኳር ይዛ፣ ቄሱም መጡ፣ ሼሁም መጡ። ዱዓ ተደረገ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ባንድ አፍ «አሚን!» አለ። በማግስቱ ጧት የመጣው የአይሱዙ ሹፌር ሳይቀር አልጋው ጫፍ ተቀምጦ ሻይ ጠጥቶ ባዶውን ተመለሰ። ከሰፈሩ የገብስ ሽታው ጠፋ። ሰብለ ከቀዩ ሻንጣ ልብሳችንን አወጣች። ለቀናት የአያ ሙሄ በር ላይ ጫማ ታጭቆ ዋለ፤ ያን የውርጌሳ መንገድ ታሪካቸውን ለመጣው ሁሉ እንደ አዲስ ያወሩታል፣ ሰዉም እንደ አዲስ ይሰማቸዋል። ፊታቸው ወዝ አወጣ።

ፍርሃቱ ሲያልፍ ሁሉም ወደ ሥራው ተመለሰ። ማሳ ያለው ማሳው፣ ገበያ ያለው ገበያው። እኔም ቻናሉን ዘግቼ ሻንጣዎቹን ወደ አከፋፋዩ ለመመለስ ግቢው ውስጥ በገመድ ሳስር፣ አያ ሙሄ በመስኮት ጠሩኝ።

«አንተ ባለ ሻንጣ፣ ና እስቲ።»

ሄድኩ። ከአልጋው አጠገብ ያሉት ወንበሮች ባዶ ናቸው።

«ሰው ቀረ» አሉኝ።

«ሰላም ሆነ እኮ አያ ሙሄ። ሰዉ ተረጋጋ።»

«አልሀምዱሊላህ፤ ሰላሙማ ይብዛልን» አሉ። ከዚያ እትዬ ጦይባ እንዳይሰሙ ወደ ጓሮ ተገላምጠው አይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እስቲ ልጄ፣ ሙሄ ሊሄድ ነው ብለህ ጻፍልኝ። ሊያስቀሩኝ ይመጣሉ።»